ቀጭ ቀጭ የሚለው ኪቦርድ

ንፋስ መውጫ፣ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018

ዛሬም ደክሞኛል። የላፕቶፔ ቁልፎች አልታዘዝ ካሉኝ ወር አልፏል፤ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሰው ግን አልቀነሰም። አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ለጠባቧ ጠረጴዛዬ የሚሆኑ፣ ላፕቶፑ ላይ የሚሰኩ ሁለት ትንንሽ ሜካኒካል ኪቦርዶች ለሙከራ ትቶልኝ ሄዷል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። አንደኛው ድምፁ አይሰማም፣ ሌላው በተነካ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ራስ ምታት ስላለብኝ ድምፅ የሌለውን ልገዛ ቆርጬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት በምራታቸው እየተመሩ ከስማዳ መጡ። የወንድማቸው ልጅ መሬታቸውን አርሶባቸው አቤት ሊሉ ነው። ድምፅ በሌለው መጻፍ ጀመርኩ። ትንሽ ተናግረው ዝም አሉ።

«ምነው አባቴ፣ ይቀጥሉ እንጂ» አልኳቸው።

«አንቺ መቼ ጻፍሽና፣ ልጄ?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«ባለፈውም ሌላ ቦታ እንዲሁ ብለውኝ ነበር። ዳኛው ፊት ሲነበብ ግማሹ ቃሌ የለም።»

ሌላውን ሰካሁት። ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምተው ቀና አሉ። ድንበሩ የት የት እንደሆነ፣ ሟች ባለቤታቸው እዚያ ማሳ ላይ ስታርም ምጥ እንደያዛት፣ ሁሉንም ነገሩኝ። እጄ ሲቆም ይቆማሉ፤ ስጀምር ይቀጥላሉ። አንብቤላቸው ሳበቃ፣ «አዎ፣ ይኸ የእኔ ቃል ነው» አሉ።

የሚጮኸውን እገዛለሁ። እኔም ሲደክመኝ የሰው ቃል አሳጥሬ የጻፍኩበት ቀን ብዙ ነው። ዛሬም አሳጥሬ ልገላገል አስቤ ነበር። ግን አዛውንቱ ይሰሙኝ ነበር።