የአውሮራን ወንዶች ከረባት ያሰሩት ወይዘሮ ፈትለወርቅ ታደሰ

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ታደሰ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይነሽ በየነ በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ቲኬት ሻጭ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ያለ ከረባት ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ማሰሩን ግን አይችሉበትም ነበርና የሚያስሩላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። እናታቸው የታመሙ ጊዜ ሥራው በሰባት ዓመታቸው ወይዘሮ ፈትለወርቅ ላይ ወደቀ። ወንበር ላይ ቆመው፣ እናታቸው ከአልጋ ሆነው «ወደ ቀኝ፣ አሁን ከሥር» እያሉ እየመሯቸው፣ የአባታቸውን ከረባት አስረው ወደ ሥራ ይሸኙ ጀመር። በዚያው ዓይንን ጨፍኖ ማሰር ልማዳቸው ሆነ። ለምን ሲባሉ «ዓይን ከገባበት ይበላሻል» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያችው ከተማ ተከታትለው አጠናቀዋል። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አንድ ካድሬ አባታቸውን ሰው ፊት «ይህን ገመድ አውልቅ» ብሎ አመናጨቃቸው። አቶ ታደሰ በማግስቱ ኮሌታቸውን ከፍተው ሥራ ገቡ። ልጃቸው ያን ጠዋት እጃቸውን ምን ላይ እንደሚያሳርፉት ጠፍቷቸው፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ሲያዩ ማርፈዳቸውን ይናገሩ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። እዚያም ከአቶ ደምሰው እንዳለ ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ፣ ዴንቨር ገቡ፤ በ1986 አንድ ልጃቸው እንዳሻው ተወለደ፤ ቆየት ብለውም ታናሽ እህታቸውን ሠርካዲስን አስመጡ። አቶ ደምሰው የሆቴል ቫን ነጂ ሆኑ። ዩኒፎርማቸው ሰማያዊ ከረባት ነበረው፤ በየማለዳው ያስሩላቸው የነበሩት ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው። ባልየው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሚስትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለቱም ገና በእንቅልፍ ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከዴንቨር አጠገብ፣ እዚሁ አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ባለ ልብስ ማጽጃ ድራይ ክሊነር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እንፋሎቱ መስኮቱን ሲሸፍነው መንገዱ ይጠፋል፤ የሰው ሁሉ ልብስ በሚሽከረከረው መስቀያ ላይ ባለቤቱን ትቶ በራሱ እየዞረ ያልፋል። እሳቸው ያን መሐል መቆም ይወዱ ነበር። የኛ ወንዶችም እዚያ አገኟቸው። ለሠርግ፣ ለኢንተርቪው፣ ለዜግነት መሐላ ከረባታቸውን በላስቲክ ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው አንዴ ያስሩታል፤ ሰውየው ላላ አድርጎ በአናቱ በኩል ያወልቀውና ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅለዋል። ለሚቀጥለው ሠርግ ያንኑ በራሱ ላይ ያጠልቃል። አንድ ቋጠሮ አሥር ዓመት የኖረበት ቤት አለ። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶችና ወንድሞች አትሸማቀቁ፤ ሁላችሁም ናችሁ። የአንዱን ከረባት ሚስቱ ለማጠብ ብላ በፈታችበት ዕለት ከግሌንዴል ድረስ እየከነፈ መጥቶ «እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ» ማለቱን እሳቸው እስከ መጨረሻው እየሳቁ ያወሩት ነበር። ስሙን ግን አልነገሩንም።

አቶ ደምሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐረፉ። የመጨረሻ ልብሳቸውን ያለበሷቸው ባለቤታቸው ናቸው። «በቁማቸው ሌላ ሰው አላሰረላቸውም፤ ዛሬም አያስርላቸውም» አሉ። ውጭ በረዶ ይወርድ ነበር። እንደ ወትሮው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰማያዊውን ከረባት አሰሩላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው በሕልማቸው ይመጡ ጀመር። ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድም መኪና የለም። በረዶ ይወርዳል፣ ግን አይበርድም። የሆቴሉ ቫን ይቆማል፤ ውስጡ መብራት በርቷል፣ ሰው የለበትም። አቶ ደምሰው ይወርዱና እጃቸውን ኮሌታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩዋቸዋል። ሊጠጓቸው ሲሉ ይነቃሉ። ተዝካር አወጡ፣ ነዳያን አበሉ፣ የንስሐ አባታቸውን አማከሩ። ባለቤታቸው ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ሕልሙን ለእህታቸው ሲነግሩ ኖሩ እንጂ ለልጃቸው አልነገሩትም፤ መጀመሪያ ሕፃን ነው ይፈራል ብለው፣ በኋላ ደግሞ እንዲያው ልማድ ሆኖ።

እንዳሻው በበኩሉ ከአባቱ ቀብር ወዲህ ከረባት አስሮ አያውቅም። ለምርቃቱም፣ ለሥራ ኢንተርቪውም አላሰረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊዲያን ሲያገባ እናቱ ዓመት ሙሉ ፈልገው የሐር ከረባት ገዝተውለት ነበር። «አልችልም፣ ማሚ» አለ። አምስቱ ሚዜዎች ከረባታቸው በእናቱ እጅ ታስሮላቸው ሲቆሙ ሙሽራው አንገቱን ከፍቶ ቆመ። አዳራሹ አንሾካሾከ። ሠርካዲስም «የስንቱን ወንድ ከረባት አስረሽ የገዛ ልጅሽ ናቀሽ» ብላ ነገሩን አባባሰችው። ወይዘሮ ፈትለወርቅ በጣም ተጎዱ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ በበዓል በበዓል ብቻ የሚደዋወሉ ሰዎች ሆኑ። እሱ ቶርንተን፣ እሳቸው አውሮራ። ይህ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ልባቸው ደከመ። ሕመሙ ሲበረታ እንዳሻው ከሥራው ፈቃድ ወስዶ እናቱ ዘንድ ገባ። አጠባቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጣቸው። ስለ ከረባት ግን ማንም አያነሳም ነበር። ባለፈው መጋቢት አንድ ከሰዓት፣ በረዶው ከጣራው ላይ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ፣ እንቅልፍ ይዞ እየለቀቃቸው ሳለ ያንን ሕልም ጮክ ብለው ይናገሩ ጀመር። የሚነግሩት ለእህታቸው መስሏቸው ነበር። አልጋው አጠገብ የነበረው ግን እንዳሻው ነው። እስከ መጨረሻው ሰማና «ማሚ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ነግሬያችሁ ነበር» አለ። «ቱ ታይት ነው፣ በጣም ጠብቋል ብዬ ነበር። ዳዲ መተንፈስ አይችልም ብዬ ነበር።»

የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ በአባቱ ሳጥን አጠገብ ይህን በእንግሊዝኛ ሲናገር እናቱ ቋጠሮውን እያጠበቁ ነበርና አልሰሙትም። የሰማችው አክስቱ ሠርካዲስ ናት። ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችውና «ዝም በል፣ ሰው ፊት» አለችው። ልጁም ዝም አለ። ሃያ ስምንት ዓመት ዝም አለ። የሞተ ሰው እንደማይተነፍስ ካደገ በኋላ ዐወቀ፤ አንገቱ ግን አላወቀም።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ አላለቀሱም። ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው «ና» አሉት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም በሌለበት፣ ከልጃቸው አንገት ፊት ለፊት፣ ያበጡት ጣቶቻቸው ሥራ ጀመሩ። ቋጠሮውን ላላ አደረጉት። ቀጭኑን ጫፍ ከሥር አወጡት፣ ከኮሌታው ዙሪያ ቀስ ብለው ሳቡት፣ ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አኖሩት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እንዳሻው አገጩን ቀና አድርጎ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። ሠርካዲስ በሩ ላይ ሾርባ እንደያዘች ይህን ሁሉ አየች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕልሙ ቀረ። ይህ ደግሞ ደስ አላሰኛቸውም፤ «ከፈታሁላቸው ወዲህ ጭራሽ ረሱኝ» እያሉ ባለቤታቸውን ያሙ ነበር። በቀሯቸው ሳምንታት እናትና ልጅ የዘጠኝ ዓመቱን ወሬ አወሩ፤ ሳቃቸው ከደረጃው በታች ይሰማ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ሳለ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ አንድ ቃል ትተዋል፦ «በቀብሬ ቀን ልጄ ከረባት እንዳያስር። ለምን ብላችሁም አትጠይቁት።» ስለዚህ ዛሬ እንዳሻውን ኮሌታው ተከፍቶ ያያችሁት ሁሉ፣ እናቱን ንቆ ሳይሆን ቃላቸውን ጠብቆ መሆኑን ዕወቁለት። ያን ቀን ክንዱን ይዛ ዝም ያሰኘችው፣ በሠርጉም ቀን በእናቱ ልብ ቂም የዘራችው፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እህታቸው ሠርካዲስ ናት። ለብቻው ይቅርታ ጠይቃዋለች፤ የበደለችው ግን ሰው ፊት ነበርና ዛሬም ሰው ፊት ትጠይቀዋለች።

ልጃቸውን እንዳሻውን፣ ምራታቸውን ሊዲያን፣ የልጅ ልጃቸውን ኑኃሚንን፣ እህታቸውን ሠርካዲስንና ቋጠሯቸውን በአንገቱ ይዞ የመጣውን ይህን ሁሉ ወዳጅ ትተው ሄደዋል። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የደከሙትን እጆቻቸውን በብርሃኑ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።

ቀጥሎ እንዳሻው ይናገራል። አማርኛው ቢሰባበርም ማንም አያቋርጠው።