የጎይቶም ትእዛዝ

ቅዳሜ፣ ሜይ 3፣ ከሰዓት

የደረቁትን ሱሪዎች ተኮስኩ። አንድ ኮት ቁልፍ ይቀረዋል። ልምምድ ሬኒየር ቢች፣ ኮሚኒቲ ሴንተሩ ጀርባ። ዝናብ። ኮርያ የዘመቱትን ወታደሮቻችንን የምናሳይበት ትርኢት ሁለት ሳምንት ቀረው።

ኢዮብ አዲስ ሕግ ይዞ መጣ። አለቃችን ነው፤ ቡድኑንም ያቋቋመው እሱ ነው፣ አልክድም። እስካሁን ያለውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ስማርት ሰዓት አውልቁ፣ እሺ። ጺም ተላጩ፣ እሺ። የሞተ ሰው ልብስ ለብሶ ቀልድ የለም። የዛሬው ግን ሌላ! ጎይቶም ከአሥር አለቃነት ወረደ። ትእዛዝ አይሰጥም። ለምን? አማርኛው ኦተንቲክ አይደለም፣ የዘመኑን ወታደር አይመስልም። ትግርኛ ትግርኛ ይላል።

ደብተሬ፣ ሰማሽኝ? ጎይቶም ባስ ነጂ ነው፤ ድምፁ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። እሱ ሲያዝ እግሬ ሳላስበው ይነሳል። በትርኢቱ ነርስ ሆኜ ከኋላ የምሄደው እኔ እንኳ!

አልተከራከረም። ኦኬ አለ። ማዕረጉን ከእጅጌው ፈቶ ሰጠኝ፤ ልብስ ክፍል እኔ ነኝና። እጄ ላይ ከበደኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6፣ ምሳ ሰዓት

ካፒቶል ሂል፣ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ። ሳንድዊቼን እየበላሁ ኢዮብን ኮል አደረግኩት። የግል ጉዳይ አይደለም አለኝ፤ ስታንዳርድ ነው። የዘመቱት ከየክፍለ አገሩ ነው አልኩት። ተመልካች ግራ ይጋባል አለ። ሶ ጥርስህን የሚያቃናው ሽቦ፣ ብሬስሱ፣ ለኮርያ ዘማች የታደለ ነው? አልኩት። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብሎ ዘጋ።

እንደኔ ያለ የጥርስ ሐኪም ረዳት አይነካም።

እሑድ፣ ሜይ 11

ከቸርች በኋላ ቢከን ሂል፣ ወ/ሮ አልማዝ ቤት። አባታቸው ኮርያ ዘምተዋል፤ ኮቶቹን የሰፋነው እሳቸው ካስቀመጡት የአባታቸው ፎቶ አይተን ነው። የጎይቶምን ነገር ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ። የአባታቸው አሥር አለቃ አማርኛን የተማረው ጦር ሠራዊት ገብቶ ነው አሉ። ወንዱን ሁሉ አንቺ ይል ነበር። «‹ሂጂ!› ሲል የማይሄድ ማን ነበር፣ ልጄ? አባቴን ቆስሎ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። አባታቸው ስሙን ሳይጠሩ ማዕድ አይባርኩም ነበር አሉ።

ቤቴ እንደገባሁ ለኢዮብ ቴክስት አደረግኩ። መልሱ፦ የቤት ወሬ ማስረጃ አይሆንም።

የቤት ወሬ! እሳቸው ባይኖሩ የትኛውን ኮት ትለብስ ነበር? ተናድጄ ምሳዬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ተነሳሁ። ለመራመድ ወጣሁ፤ ጃንጥላ ረሳሁ። በሰበስኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17፣ ማምሻውን

ትርኢቱ አለቀ። እንዳይረሳኝ ቶሎ ልጻፍ።

ሰው ሞልቷል። ወ/ሮ አልማዝ ከፊት ተቀምጠዋል። ጎይቶም ተራ ወታደር፣ ከሰልፉ ጫፍ። ኢዮብ አዛዥም አሥር አለቃም ራሱ። ተጠንቀቅ አለ፤ ቆምን። «ወደ ፊት፣ ሂድ!»

ማንም አልሄደም።

እምልልሻለሁ፣ አልተመካከርንም። እኔም እግሬ እምቢ አለ። ደገመው። ድምፁ ተሰበረ። አንድ ተመልካች የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ኢዮብ ወደኛ ዞረ፤ ፊቱ ቀልቷል፣ ጆሮው ሳይቀር። ለአፍታ አዘንኩለት።

ያኔ ጎይቶም፣ ከንፈሩን እንኳ ሳያንቀሳቅስ፣ ቀስ ብሎ፦ «ሂዱ እንጂ። ሰው ፊት አታዋርዱት።»

ሄድን። ሁላችንም፣ በአንድ እርምጃ።

እሑድ፣ ሜይ 18፣ ጠዋት

የኢዮብ ቴክስት፣ ለሁላችን። ትናንት የታየው አመፅ ነው፣ ያስተባበረው ጎይቶም ነው፣ ከቡድኑ ታግዷል። ለኔ ለብቻዬ ደግሞ፦ ዩኒፎርሙን ተቀበይው።

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ያዳነውን ሰው! ጎይቶም ባይናገር ኖሮ ኢዮብ እስከ ማታ እዚያው ቆሞ ይጮህ ነበር!

ጎይቶምን ኮል አደረግኩ። አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ከረጢት ውስጥ አስቀምጦታል። መጥተሽ ውሰጂው አለኝ። ችግር የለም አለኝ። ድምፁ ግን ያ ሜዳ የሚሞላው ድምፅ አልነበረም። ተቆጥቶ እንዳትመጪ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አልወስድም። አሁን ወሰንኩ። ለኢዮብም ጻፍኩለት፤ ልብሱን አልቀበልም፣ በሚቀጥለው ሚቲንግ አለቃ በድምፅ ይመረጥ፣ እኔም እወዳደራለሁ። ስታንዳርዱ ይኖራል፤ ለጨርቅ፣ ለጫማ፣ ለጺም። ለሰው አፍ አይደለም። ከወ/ሮ አልማዝ ጋር ተነጋግሬ የዚያን አሥር አለቃ ስም እጠይቃለሁ፤ ትርኢቱ ላይ ይጠራል። የሚጠራውም ጎይቶም ነው…

ኢዮብ እየደወለ ነው። አነሳዋለሁ።