ቫልቭ ላይ ጎጆ የሠራችው ወፍና የእኔ አውራ ጣት

ለክቡር የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ብዕሩን የያዘችው ነርስ የሆነችው የልጅ ልጄ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአያቷ ነው። እሷ «አባባ፣ ይቺን እንኳ ትንሽ እናለስልሳት» እያለች ብታስቸግረኝም «እጁ ያንቺ፣ አፉ የኔ፤ እንዳልኩሽ ጻፊ» ብያታለሁና፣ የሚጎረብጥዎ ቃል ቢኖር እሷን አይቀየሟት። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልኩ፣ በተለይ እግርዎ ከቁስል እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ፤ በዚህ ሰፈር ቁስል መድኃኒት መስማት ትቷልና።

እኔ በጣቢያዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ቫልቭ ስከፍትና ስዘጋ ኖሬ በጡረታ የተሰናበትኩ፣ ሠራተኛው «አባ መዘውር» የሚለኝ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማጣሪያው የከሰል ታንከር ቫልቭ መዘውር ግን ተከፍቶ እስኪያልቅ ሃያ ሁለት ዙር መሆኑን ዓይኔን ጨፍኜ እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ባልደረቦችዎ ከጣቢያው በታች ወንዙ ዳር እስካለችው የሰላጣ ማሳዬ ድረስ ጫማቸውን ጭቃ እያስነኩ መጥተው፣ ጣቴን የማሳርፍበት ወረቀት አመጡልኝ። «መድኃኒት የሚያጣራው የከሰል ታንከር አንድም ቀን ሥራ አቋርጦ አያውቅም፤ ለዚህም እኔ ነባሩ ሠራተኛና የውሃው ተጠቃሚ ምስክር ነኝ» ይላል አሉኝ። ለሚመጡት ተቆጣጣሪዎች የሚታይ ነው። ሳመነታ ጊዜ አንደኛው «አባቴ፣ ማሳው የጣቢያው መሬት መሆኑን እንዳይረሱት ብዬ ነው» ሲል በትሕትና አስታወሰኝ። ስለ ማስታወሱ እያመሰገንኩ፣ እኔም በተራዬ ጥቂት ላስታውስዎት።

አንደኛ፦ ታንከሩን ስላሠሩልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። የምረቃው ዕለት እንደ ነገሩን፣ ሰው ከሚውጠው መድኃኒት ብዙው በሽንት ይወጣል፤ የሆስፒታሉና የዶሮ እርባታው ሲጨመርበት የከተማው ፍሳሽ ራሱ ፋርማሲ ነው። አሮጌው ኩሬያችን ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ የሟሟውን መድኃኒት አይዝም። የሚይዘው ከሰሉ ነው፤ ከሰሉም ሲጠግብ በአዲስ ይለወጣል። የእኛው ከሰል ከጠገበ ዓመት አለፈው። የለወጠው ግን የለም፤ ውሃው በጎን ባለው ቧንቧ ተሻግሮ እንዳለ ወንዝ ይገባል።

ሁለተኛ፦ የወፎችን የመኖሪያ ችግር ስለ ፈቱ እግዜር ይስጥልን። በአጥሩ ሽንቁር እንዳየሁት፣ የታንከሩ መዘውር ላይ አንዲት ወፍ ጎጆ ሠርታ ሁለት ዙር ጫጩት አስፈልፍላበታለች። ታንከሩ ሲሠራ ያ መዘውር በየጠዋቱ ይዘጋል፣ ከሰሉ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይከፈታል። እስቲ ክቡርነትዎ ይፍረዱ፤ በየቀኑ ሃያ ሁለት ዙር ሄዳ ሃያ ሁለት ዙር እየተመለሰች እንቁላል የምትታቀፍ ወፍ የት አገር ታይታለች?

ሦስተኛ፦ ባለቤቴ መስኖ ስትመልስ መኮትኮቻ እግሯን ከቆረጣት አራት ወር ሆናት። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወስዳ አልሽር አላት። ሆስፒታሉ መርምሮ «ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል» አለ። የልጅ ልጄ ብዙ አስረዳችኝ፤ እኔ የገባኝ ይኸው ነው፦ ጠዋት ማታ ዱላ እያሳዩ በወጉ የማይመቱት ውሻ፣ በመጨረሻ ዱላውን ይንቃል። በወንዙ ውስጥም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚወርደው መድኃኒት ጀርሙን አይገድለውም፣ ያስተምረዋል። የእሷ ቁስል ከእርስዎ ውሃ ነው ብዬ አልምልም፤ ልጅቷም «እሱን ማረጋገጥ አይቻልም» ብላ ይህችን መስመር በግድ አስገብታለች። ሐኪሙ ግን አሁን ጣት ስለ መቁረጥ ማውራት ጀምሯል። ባለቤቴም «ሠላሳ ዓመት የስንቱን ቧንቧ ነጠብጣብ ያስቆምክ ሰውዬ፣ የኔ እግር ብቻ በምን በለጠህ?» ትለኛለች። 

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለቤቴ የማላቀርበውን ለሰው አላቀርብምና ሰላጣዬን በገዛ እጄ ነቅያለሁ። ማሳውን ይውሰዱት፤ ባዶ ነው። ጣቴን ግን አያገኟትም። ባለቤቴ የእግሯን ጣት ልታጣ በተቀመጠችበት ቤት፣ እኔ የእጄን ጣት ለውሸት አላከራይም። ከሰሉን ይለውጡ፤ መዘውሩን የሚያዞር ጉልበት ከጠፋም ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ። ለጫጩቶቹ መብረሪያ አንድ ሳምንት እታገሳለሁ፤ ለእርስዎ ግን አንድም ቀን አልታገስም።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ መዘውርዎም ሳይዞር በሰላም ይቆዩልኝ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ (ወገቤ የጎበጠው እርስዎ ግቢ ነው)፣

አባ መዘውር

ግልባጭ፦
ለተቆጣጣሪዎቹ
ለጣቢያው የውጭ በር፣ በሙጫ
ለወፏ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች ያለው አሻራ የእኔው አውራ ጣት ነው። የማኅተም ቀለም ቤት ውስጥ ስላልነበረ፣ ከታንከሩ ወጥቶ አጥሩ ሥር ከፈሰሰው ከሰል ዘግኜ አተምኩት። እንኳን ደስ አለዎት፤ ከሰልዎ ከዓመት በኋላ አንድ ነገር ያዘ።

በይ ልጄ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አያትሽም ትስማ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። «ክቡር» የሚለው ጋ ስትደርሺ ግን እንዳትስቂ።