ከፈረሱ ኋላ

ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፱፻፸

በደቅ ደሴት ለሚኖሩት ለምወድዎት እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ሐይቁ ሲነሣ ታንኳ እንዳይሳፈሩ። እኔ ደኅና ነኝ ልበል። ይህን የሚያነቡልዎት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉልኝ።

የደብራችንን የመቃብር ድንጋዮች ነቀሏቸው። የፊውዳል ስም ለገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ መርገጫ ይሁን አሉ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን አያቴን ከነፈረሳቸው፣ ከነጠመንጃቸው በመዶሻ። ልጃቸው አጎቴ እዚያው መቃብር ሲገባ ከፈረሱ ኋላ የተቀረጸውን ውርንጭላ ያስታውሳሉ? ልጅ ከአባቱ ጋር ሲቀበር እንደሚደረገው። እሱንም አደቀቁት።

የአባባ ድንጋይ ተራ ሲደርስ ወንድሜ ክንዱ የፋብሪካ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ። አልጮኸም። ሄዶ የአባባ ፈረስ የተቀረጸበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ካድሬው፣ የሙታን ጠበቃ መጣላችሁ ብሎ ሣቀ።

«አባቴ የትም አይሸሽም» አለ ክንዱ። «ምን አስቸኮላችሁ?»

አፉን በሰደፍ መቱት። ተነሣ አሉት፤ አልተነሣም። ደግመው መቱት። ደሙ በፈረሱ ጋማ መስመር ገብቶ ወደ አንገቱ ሲወርድ አየሁ። ዓይኔን አልጨፈንሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በደጀ ሰላሙ ጣሪያ ላይ የነበሩት እርግቦች ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሡ።

ማልቀስ ክልክል ነው ተባልን።

በማግሥቱ ካድሬው፣ ይህ ደም የነካው ለአዳራሽ አይሆንም፣ ከፊቴ አንሡልኝ አለ። አጠብሁት። ጋማው ውስጥ የደረቀው አልለቅ ቢለኝ በጥፍሬ ፈለፈልሁት። ቀራጩ አባ መርስዔ ኀዘን ወደ ቦታው ሊመልሱት መቆፈር ጀመሩ። እኔ እነሱ ከሐይቁ ዳር የጣሉትን አንሥቼ፣ በደንገል ጠቅልዬ በታንኳ ይዤ ደረስሁ። ከባድ ነበር።

በመቃብሩ ያቆሙት ዘበኛ፣ ለአንድ ድንጋይ ይህን ያህል ጉድጓድ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ።

«ሁለተኛ እንዳይነቀል ነው፣ ልጄ» አሉት።

ጥቅሉን አየው። ፍቱት አላለም። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

እናቴ፣ ለአባባ ሙት ዓመት ይምጡ። ለአባባ ማልቀስ አልተከለከለም። የፈለጉትን ያህል ያልቅሱ። ሲበቃዎት እጅዎን ከፈረሱ ኋላ ያሳርፉ። አባ መርስዔ ኀዘን እንዳይታይ አድርገው ነው የቀረጹት፤ በጣት ግን ይገኛል።

እመቤታችን ልብዎን ትደግፍልኝ። እስክንገናኝ ጉልበትዎን ትጠብቅልኝ።

አንድ ልጅዎ