«በመንገድ ላይ» የሚለውን ዓምድ ያበጁት የአቶ ደበላ ለሜሳ የሕይወት ታሪክ (1923–1965 ዓ.ም.)

አቶ ደበላ ለሜሳ ከአባታቸው ከአቶ ለሜሳ ዋቅጋሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ ሾዴ ጥቅምት 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጠባቂ ነበሩ። አቶ ደበላ ፊደል የቆጠሩት በሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን ፈጽመው በ1944 ኋላ ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው የመንግሥት ኮሌጅ ገቡ። በጥር 1945 አባታቸው ሲያርፉ ሦስት ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርታቸውን ተዉ። በመዝገቡም ከስማቸው አንጻር «በፈቃዱ ያቋረጠ» ተብሎ ተጻፈ።

በ1948 እዚያው በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1950 ከወይዘሮ የዓለምወርቅ ስብሐት ጋር ጋብቻ መሥርተው እሌኒንና ዓምሃን ወለዱ።

በ1948 ከገቡት 120 ተማሪዎች በአራት ዓመት የተመረቁት 58 ብቻ ነበሩ። ሠላሳ አንዱ በውጤት ተሰናብተዋል፤ የቀሩት ሠላሳ አንዱ ግን «በፈቃዳቸው ያቋረጡ» ተብለዋል። አቶ ደበላ ይህን ቃል አላመኑትም። በ1952 ለሠላሳ አንዱም ደብዳቤ ጻፉ። የሥራ ባልደረባቸው አቶ ወልዱ፣ «እርስዎ ደግሞ የጠፋ በግ ፈላጊ ሆኑ እንዴ?» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «በጉ መች ጠፋ፤ ወንዝ ሞልቶበት ነው እንጂ» አሉ። ይህን ያሉት መልስ የሰጡትን የአሥራ ዘጠኙን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ነው። አሥራ አንዱ ለዕረፍት አገራቸው ሄደው ሲመለሱ ክረምቱ መንገድ ዘግቶባቸው ምዝገባ ካለቀ በኋላ የደረሱ ነበሩ። ከነዚህ አንዱ አቶ ዱጉማ ሸፊ ዘጠኝ ቀን ወንዝ ዳር ሰንብተው ቢደርሱ የመመዝገቢያውን መስኮት ዝግ አግኝተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

አቶ ደበላ ሁለት ዓመት ሙሉ አመለከቱ። በ1954 የዘገዩ ተማሪዎች እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንዲመዘገቡ ተፈቀደ። በመዝገቡም «ከተመረቀ»ና «ካቋረጠ» ሌላ፣ እመለሳለሁ ብሎ ለጻፈ ሁሉ «በመንገድ ላይ» የሚል ዓምድ ጨመሩ። አቶ ዱጉማ ተመልሰው በ1955 ተመረቁ፤ ዛሬም በመካከላችን ናቸው። በ1954 ከገቡት 132 ተማሪዎች 81ዱ በጊዜው ጨርሰዋል። አቶ ደበላ ግን ለውጡ ሁሉ የምዝገባው ውጤት ነው ብለው አያውቁም፤ የመምህራኑም ቁጥር ጨምሮ ነበር ይሉ ነበር።

ከ1958 ጀምሮ ራሳቸውም የማታ ተማሪ ሆኑ። በየመስከረሙ፣ ቀን ቀን በሚሠሩበት መስኮት ፊት ተሰልፈው ይመዘገቡ ነበር። በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉም የስታቲስቲክስ መጽሐፋቸው ከትራሳቸው አልተለየም። ሚያዝያ 12 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ42 ዓመታቸው አረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት ታናናሾቻቸው አሉ።

በዚህ ወረቀት ላይ «የዲግሪ ምሩቅ» ብለን እንድንጽፍ የመከሩን ጎረቤቶች አሉ። እናመሰግናቸዋለን፤ ነገር ግን አቶ ደበላ ያልጨረሰን ሰው ከጨረሱት ጋር ቆጥረው አያውቁም። ሁለት ትምህርት ቀርቷቸዋል። ያቋረጡም አይደሉም። ስለዚህ ራሳቸው ባበጁት ዓምድ ጽፈናቸዋል። ዘግይቶ የደረሰውን የማይመልስ አምላክ በሩን ከፍቶ ይቀበላቸው።