ስለ ተሸላሚው ባለ ሁለት መስመር ስክሪፕት

ለዋናው ሬዲዮ ጣቢያ የቴክኒክ መምሪያ ክቡር ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ወንበርዎን በሙሉ ምቾት፣ የቢሮዎን ኔትወርክ ደግሞ እንደ ወትሮው ሳይቆራረጥ ያገኛቸው ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቅርንጫፉ ቴክኒሽያን፣ ከብየዳ ቤቱ ጎን ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ፣ ብየዳ እስካልተጀመረ ድረስ ደኅና ነኝ። ብየዳው ሲጀመር የኔትወርክ መስመራችን ይቆረጣል።

ደብዳቤዬን በግልጽ ያደረግሁት፣ በዝግ የላክኋቸው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የታናሽ እህቴን ባል፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «መብረቁ» እያለ የሚያቆላምጠውን ባልደረባችንን፣ የዓመቱ ምርጥ ቴክኒሽያን ብለው ስለሸለሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የየዕለቱን ፕሮግራም ከሰርቨሩ አውርዶ ወዲያው ወደ አየር የሚለቅ ስክሪፕት፣ ማለትም የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ በሁለት መስመር ብቻ መጻፍ በእውነት ታላቅ ችሎታ ነው። የሱ ስክሪፕት አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም።

እንዴትስ ይወድቃል? የሰርቨሩ ክፍል ያለው ከሱ ወንበር ጀርባ ነው፤ በመካከላቸው አንድ ግድግዳ ብቻ አለ። ይህን ስል ቅናት እንዳይመስልዎ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት፤ ቅናት ነው። እናቴ የሽልማቱን ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅላዋለች፤ እዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ የነበረው የእኔ የምረቃ ፎቶ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ እኮ ነው» እያለች የምታሳየው እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በቅርንጫፎች ሁሉ የሚሠራው የመብረቁ ስክሪፕት ብቻ እንዲሆን፣ የእኔ ግን «ረጅምና ተጠራጣሪ» ስለሆነ እንዲነሣ መወሰንዎን ሰምቻለሁ። ተጠራጣሪነቱ እውነት ነው። መስመሩ ሲቆረጥበት ፋይሉን ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከሀ አይጀምርም። አልሆን ሲለው ጥቂት ይጠብቃል፤ ደግሞ አልሆን ሲለው ከዚያ የበለጠ ይጠብቃል፤ የሰርቨሩን በር እየደበደበ ሰው አያስቸግርም። ጭራሽ ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ እኔኑ በስልክ ይጠራኛል እንጂ ዝም ብሎ አይተኛም። የወረደውን በጊዜያዊ ስም ያስቀምጠዋል፤ መጠኑም አሻራውም (ከይዘቱ የሚሰላው መለያ ቁጥር) ከዋናው ፋይል ጋር ልክ መግጠሙን ካላየ በቀር እውነተኛ ስሙን አይሰጠውም፣ አየር ላይም አያወጣውም። ይህ ሁሉ ሁለት መስመር ውስጥ አልገባልኝም፤ ስንፍናዬን ይቅር ይበሉኝ።

፪ኛ፦ ስክሪፕቴ ተጠራጣሪ ሆኖ አልተወለደም። እሱም እንደ መብረቁ ስክሪፕት የዋህ ነበር። አንድ ጠዋት ግን የሕፃናት ሐኪሟ ምክር እየወረደ ሳለ ጎረቤታችን ብየዳውን ጀመረ፤ ፋይሉ በግማሽ ቀረ፤ ስክሪፕቱም ሙሉ መስሎት ለቀቀው። ሐኪሟ «ልጅዎ ትኩሳት ካለው በፍጹም» አሉ፤ ከዚያ ጭጭ። ልጅ ያዘሉ እናቶች በራችን ላይ ተሰብስበው ጥበቃውን «በፍጹም ምን?» እያሉ አፋጠጡት። እሱም ቢጨንቀው «በፍጹም አትስጉ» ብሎ ሸኛቸው። አንዲት እናት ግን ቀሪውን በራሷ ሞልታ ልጇን ውኃ ከለከለችው፤ እየሮጠች ሐኪም ቤት ስታደርሰው ራሱን ስቶ ነበር። ሙሉው ቃል «በፍጹም ውኃ እንዳይጓደልበት» የሚል ነበር። ልጁ ተርፏል።

፫ኛ፦ መብረቁ እዚህ ድረስ መጥቶ ስክሪፕት አጻጻፍ እንዲያስተምረኝ ማዘዝዎ ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ነው። እናቴ ክፍሌን ለሱ ለቅቄ ሶፋ ላይ እንድተኛ ከወዲሁ ወስናለች። እህቴም «እስቲ ከሱ ተማር፣ ምን ይጎድልብሃል?» ብላኛለች። ምን እንደሚጎድልብኝ ብዘረዝርላት ይመሽ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሆድ ይፍጀው።

ክቡርነትዎ፣ ሽልማቱን ይያዝ። ክፍሌንም ይውሰድ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለውንም ቦታ። ስክሪፕቴን ብቻ ከሰኞ በኋላም ይተዉልኝ። ይህ ከበዛብዎ ደግሞ መብረቁን ከብየዳ ቤቱ ጎን፣ እኔን ከግድግዳው ጀርባ ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡንና ማን መብረቅ እንደሚሆን አብረን እንይ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቢቆርጡኝም ከቆምኩበት ለመቀጠል ዘወትር ዝግጁ የሆንኩ፣

ታዛዥዎ፣
የቅርንጫፉ ቴክኒሽያን
(በእናቴ ቤት አጠራር «ሌላው ልጅ»)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሐሜት ለመዳን ብዬ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ መብረቁም እንዲያገኘው አድርጌ ነበር፤ እሱም በተሸላሚው ስክሪፕት ከእኛ ኮምፒውተር ላይ አወረደው። መሀል ላይ ብየዳው ተጀመረ። የደረሰው «የሱ ስክሪፕት አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም» እስከሚለው ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ስክሪፕቱም «ተጠናቋል» ብሎ አብስሮታል። ደውሎ አመሰገነኝ። ለእናቴም በስልክ አንብቦላት ኖሮ፣ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን ምርቃት አወረደችልኝ። ዕድሉን ይመልከቱልኝ፤ የሱ ነገር ሲቆረጥ እንኳ ደኅናው ጋ ነው የሚቆረጠው። ሰኞ ጠዋት የሕፃናት ሐኪሟ ተመልሰው አየር ላይ ይወጣሉ። እሳቸው የት ጋ እንደሚቆረጡ ግን ለክቡርነትዎ ትቻለሁ።