ጉድጓድ ስለሌለው ፓምፕ፣ ለዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት

ለክቡር የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከኃላፊነቴ ስላነሱኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ወገብዎ ተሽሎት፣ የደም ግፊትዎ ረግቶ፣ ግቢው ሁሉ በበጋ ሲደርቅ ብቻውን ለምለም ሆኖ በሚቆየው ዛፍ ሥር የሚያቆሙት መኪናዎም ፀሐይ ሳይነካው እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሥራ ስለቀለለልኝ እንቅልፌ ተስተካክሏል፤ ለዚህም ባለውለታዬ እርስዎ ነዎት። በግል ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በግል የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች በሙሉ ጸሐፊዎ ዘንድ «ይታያል» ተብለው ተኝተው ስለቀሩ፣ ይህኛው እንኳ ሳይተኛ እንዲውል ብዬ በአደባባይ አቀረብኩት። ድፍረቴን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ እኔን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ማን እንደሆንኩ ላስረዳ። በዩኒቨርሲቲዎ የውሃ አቅርቦት መምህርት ነኝ፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በአንድ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ተቀጥሬ በየገጠሩ የውሃ ፓምፕ ሳስተክል ኖሬያለሁ። ያን ሥራ የተውኩት ሰልችቶኝ ወይም አቧራው በዝቶብኝ አይደለም። አንድ መንደር ውስጥ በሆታ ያስመረቅነውን ፓምፕ ከወራት በኋላ ልጎበኝ ስሄድ፣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው በፓምፑ አጠገብ እያለፉ ወደ ወንዝ ሲወርዱ አየሁ። ፓምፑ ደርቆ ነበር። አለቃዬ ግን ሪፖርቱ ላይ «ይሠራል» ብዬ እንድጽፍ ፈለጉ፤ «ፎቶው ሲነሳ ውሃ ነበረው አይደል እንዴ?» የሚል ነበር መከራከሪያቸው። አልጻፍኩም። ከዚህ በኋላ ሪባን ከሚቆረጥበት ቦታ ርቄ እውነት ወደሚነገርበት ቦታ ልሂድ አልኩና ወደ ዩኒቨርሲቲ መጣሁ። እናቴ ውሳኔዬን የሰማች ዕለት፣ «ልጄ፣ ሰው ከጠመኔ ወደ መኪና ይሄዳል እንጂ ከመኪና ወደ ጠመኔ ይመጣል?» ብላኝ ነበር። እናት አትሳሳትም ብዬ ከመደምደሜ በፊት የእርስዎን መልስ መጠበቅ ተገቢ መሰለኝ።

ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

፩ኛ፦ የሥራ ልምዴን በሁለት ሚዛን ስለመዘኑልኝ አመሰግናለሁ። ስቀጠር በገጠር ያሳለፍኳቸው ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩባቸው ስላልሆኑ አይቆጠሩም ተብዬ፣ ትናንት ከተመረቀ ልጅ እኩል ተመደብኩ። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ፣ ሲናገሩ ማር የሚያንጠባጥቡ ሴት ናቸው፣ «እህቴ፣ ያ እኮ መዞር ነው እንጂ ማስተማር አይደለም» ብለው አግባቡኝ። እኔም ተግባባሁ። የትምህርት ጥራት ገምጋሚዎች ሊመጡ ሲሉ ግን በዋናው በር ላይ የሕንፃ ግድግዳ የሚያክል ባነር ተሰቀለ፤ ባነሩ ላይ ደግሞ እኔ ነኝ፤ የሥራ ቆብ ደፍቼ፣ ቦቲ ጫማ አድርጌ፣ ከሥሬ «የዓለም አቀፍ ልምድ ባለቤት በሆኑ መምህራን እናስተምራለን» ተብሎ ተጽፏል። እነዚያው ዓመታት በማኅደሬ ውስጥ ባዶ ሆነው በር ላይ ግን ግድግዳ እንዴት እንዳከሉ ለመመራመር የእኔ ዕውቀት አይበቃም። ባነሩ እስከ ዛሬ አልወረደም። ጠዋት ጠዋት ስገባ እኔና እሷ እንተያያለን፤ እሷ ልምድ አላት፣ እኔ የለኝም።

፪ኛ፦ ስለ መስክ ትምህርታችን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ፤ ለእኔ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። እንደመጣሁ ተማሪዎቼ የፓምፕን አካላት ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው የሚወጡ፣ ፓምፕ አጠገብ ግን ቆመው የማያውቁ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ፓምፕ ወደተተከለባቸው ሰፈሮች እያወጣሁ፣ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጋር ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቁ አደረግኩ፦ «ለምን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ?» መልሱ በማንኛውም መጽሐፍ የለም። አንዱ ሰፈር ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ የአጥሩን ቁልፍ የያዙት አባት ልጃቸው ዘንድ ሊጦሩ ሌላ ከተማ ሲገቡ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ሄደዋል፤ ማንም ሽማግሌ ላለማስቀየም ብሎ አጥሩን አልሰበረም። ሌላው ሰፈር ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምተነው የማናውቅ ተማሪዬ እጀታው አጠገብ አንዲት ጀሪካን የያዘች ልጅ አቁማ፣ «መምህር፣ ይኸው ከግንባሯ በላይ ነው፤ ውሃ የሚቀዱት ልጆች፣ የለካው ግን ትልቅ ሰው» አለችኝ። ያቺ ተማሪ ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም። የትምህርት ክፍሉ መምህራን ኃላፊ እንድሆን ድምፅ የሰጡኝ ይህን አይተው ነው። ወንበሩን አልፈልገውም ነበር ብዬ የማስመሰል ትሕትና አላሳይዎትም፤ ፈልጌው ነበር፤ ይህ ትምህርት ከእኔ በኋላም እንዲቀጥል ማድረግ የሚቻለው እዚያ ላይ ተቀምጦ ነውና።

፫ኛ፦ ገምጋሚዎቹ «የተግባር መማሪያ» አሳዩን እንደሚሉ ሲሰማ፣ ክቡርነትዎ ባልተለመደ ፍጥነት በግቢያችን ፓምፕ እንዲተከል አዘዙ፤ ቦታውንም ራስዎ መረጡ፤ ከዋናው ሕንፃ አጠገብ፣ አበባዎቹ መሐል፣ እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት የሚያየው ቦታ። መጀመሪያ መሬቱ ይመርመር ብዬ አመለከትኩ። ማመልከቻዬ የት እንደተኛ ከላይ ገልጫለሁ። ተከላው ሲያልቅ የግንባታ ክፍሉን ኃላፊ ጉድጓዱ የታለ ብላቸው፣ እሳቸውም በመገረም፣ «እመቤት፣ እኛ የተጠየቅነው ፓምፕ ነው፤ ጉድጓድ ማን ጠየቀን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቀድሞ ሥራዬ የደረቀ ጉድጓድ ላይ የቆመ ፓምፕ ብዙ አይቻለሁ፤ ከነጭራሹ ጉድጓድ የሌለው ፓምፕ ለማየት ግን የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ መግባት ነበረብኝ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይህን ይሆን እያልኩ ሳስብ፣ ቢያንስ ማጡ ውሃ አለው የሚል ሐሳብ መጣብኝና ተረቱን ተውኩት።

፬ኛ፦ የጉብኝቱን ዕለት በተመለከተ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ታንከር በአበባው ሥር ተቀብሮ ወደ ፓምፑ የመጣውን የውሃ ጎማ ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ግን ለብልሃቱ ጥሩ ውጤት እሰጠው ነበር። የተነገረኝ በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ምክትልዎ ጠጋ ብለው፣ «እህታችን፣ ዛሬ ቴክኒክ ውስጥ እንዳትገቢ፤ ፈገግ በይ» አሉኝ። ሪባኑን እርስዎ ቆረጡ። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ እናቴን የሚያካክሉ ሴት፣ እጀታውን ይዘው ወደ ታች ሲጫኑ ውሃው ተንዶለዶለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ እሳቸው እጀታውን ለቀቁት። ውሃው ግን አላቆመም። ታንከሩን የከፈተው ሰው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሆኖ ምን ያያል፤ ዝጋ እስኪሉት ይጠብቃል፤ ዝጋ የሚሉት ደግሞ እያጨበጨቡ ነው። ሰብሳቢዋ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማንም ሳይነካው የሚፈሰውን ውሃ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ውሃው ጫማዎን ሲነካ እርስዎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ያኔ ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ባነሩ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ አይደል? የዚህ ጉድጓድ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔም፣ «ጉድጓድ የለውም፣ እማማ» አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ስለ ጠባዬ ነው። ያልታዘዝኩ፣ ተቋም ያሳፈርኩ፣ ቤቴን ለእንግዳ ያጋለጥኩ። ጉዳዬ በታየበት ስብሰባ ላይ ምክትልዎ፣ «ልጅት ጎበዝ ናት፤ ግን የገጠር ግልጽነት አልለቀቃትም፤ ገና ትበስላለች» ሲሉ፣ ሌላው ደግሞ፣ «ሴት ልጅ እንዲህ ስትደፍር መጨረሻዋ አያምርም» ሲሉ፣ እርስዎ ብዕርዎን ሲከፍቱና ሲዘጉ ነበር። እስቲ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በዚያ ክፍል ውስጥ ውሃው ለምን አልቆመም ብሎ የጠየቀ ነበር? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን አይጧ ተሸልማ ነው ዳዋ የሚመታው፤ ጎማውን የቀበረው የግንባታ ክፍል የምስጋና ወረቀት ሲቀበል አጨብጭቤያለሁና።

፭ኛ፦ ከኃላፊነቴ ያነሱኝ በመምህራኑ ድምፅ ሳይሆን በእርስዎ ፊርማ ነው። በቦታዬም ለሁሉም ነገር «ይቆይ» ስለሚሉ እኛ ጋሽ ይቆይ የምንላቸውን አንጋፋ ባልደረባችንን ሾሙ። ምርጫው የሚደነቅ ነው፤ ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ማንንም አያስቀይሙም፣ ምንም አያስጀምሩም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔን የሚቆጨኝ ያልበላሁት ነገር አይደለም። የሚቆጨኝ በዚያው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «የተግባር ፓምፕ በግቢው የተሟላ ስለሆነ ከእንግዲህ ተማሪዎችን ለመስክ ትምህርት ከግቢ ማስወጣት አያስፈልግም።»

አንዴ ካነበብኳት በኋላ መልሼ አነበብኳት፤ ሦስተኛ አላስፈለገኝም። ጉድጓድ የሌለው ፓምፕ ጉድጓድ ያለውን ትምህርት ዘጋው ማለት ነው። የቀድሞ አለቃዬ ቢያንስ ፎቶ ሲነሳ ውሃ ነበረው ይሉ ነበር። ይህንን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ምን ሊል እንደሚችል አላውቅም። ያቺ ዝምታዋን የጣለች ተማሪዬ ይህንኑ ትእዛዝ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብባ ቢሮዬ መጣችና፣ «እንግዲህ እኛም እንደ ሴቶቹ ፓምፑን አልፈነው መሄድ ነው» ብላ ወጣች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳይ አልቀለደችም።

ስለዚህ የምለምንዎ ወንበሩን አይደለም፤ ወንበሩን በሚቀጥለው የመምህራን ምርጫ፣ ምርጫ የሚባል ነገር ካለ፣ ተወዳድሬ እወስደዋለሁ። የምለምንዎ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዲሰርዙልኝ ነው። ተማሪዎቼ ወደ ሰፈሮቹ ይመለሱ። ዲግሪያቸውን ይዘው በወጡ ማግስት እነዚህን ፓምፖች የሚተክሉት እነሱ ናቸው፤ ያኔ የሚያውቁት ፓምፕ የእርስዎ አበባ መሐል ያለው ብቻ ከሆነ፣ በየመንደሩ ጎማ ሲቀብሩ ይኖራሉ። ሥራዋን ትለቃለች ብለው ተስፋ ካደረጉ ግን ሳላሳዝንዎ አልቀርም። ከአንድ የሪባን ቤት ወጥቻለሁ፤ ከሁለተኛው አልወጣም።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ላቀለሉልኝ ሸክም፣ በር ላይ ለሰቀሉልኝ ምስልና ዝም ብለው ለሰሙት ስድብ ሁሉ ምስጋናዬን እያደስኩ፣ ዕድሜዎ እንደ ዛፍዎ የለመለመ፣ ንግግርዎ እንደ ታንከሩ ውሃ የማያቋርጥ፣ ሹመትዎም ከፓምፑ ይልቅ ሥር ያለው ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ድምፄን ግን ከፍ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
በማኅደሯ ልምድ የሌላት፣ በባነሩ ያላት መምህርት

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ፈገግ እንዲሉ
ለግንባታ ክፍል፣ ጉድጓድ ለመጠየቅ
ለእናቴ፣ ለመረጃ ያህል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከግቢ አትውጡ ስለተባልን፣ ተማሪዎቼ የመሬት ምርመራ ልምምዳቸውን ትእዛዝዎን አክብረው እዚሁ ግቢ ውስጥ አደረጉት። መሣሪያውን ከሥነ ምድር ክፍል ተውሰው ከስፖርት ሜዳው እስከ ካፍቴሪያው ጀርባ ድረስ መረመሩ፤ ፓምፑ የቆመበት ቦታ ሥሩ ደረቅ አለት ነው፤ ውሃ ሊገኝ ይችላል ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በበጋ እንኳ ቅጠሉ የማይጠወልገው ያ ዛፍ ሥር። ዛፉ ለምን ብቻውን እንደሚለመልም በዚህ ሁሉ ዘመን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ውጤቱን ለጋሽ ይቆይ ሳሳያቸው፣ እኔ እንደማውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አሁኑኑ ይቆፈር» አሉ። እንግዲህ የቀረን አንድ ፈቃድ ብቻ ነው፦ ክቡር ሆይ፣ መኪናዎን ያነሱልን።